ከሞራቲን እስከ ክላሪን፦ ሦስቱን የስፔን ሥነ ጽሑፍ ዘመናት በአንድ ክርክር ማጥናት

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ «የስፔን ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ከአብርሆት ዘመን ተነሥቶ በሮማንቲሲዝም አልፎ እስከ ሪያሊዝም የሚደርሰውን ክፍል የየዘመኑን መለያ ባሕርያት በዝርዝር እየያዝኩ አጠናለሁ። ነገር ግን ካዳልሶ በአንዱ መጽሐፍ የአብርሆት ሰው፣ በሌላው ሮማንቲክ ይባላል፤ ቤኬር ደግሞ ሮማንቲሲዝም አበቃ ከተባለ በኋላ የጻፈ ሮማንቲክ ነው። ነገሩ ተደበላለቀብኝ። ከየትኛው ድርሰት ልጀምር? በእንግሊዝኛ ትርጉም ማንበብስ ይበቃኛል?»

ግራ ያጋባዎት የእርስዎ ድክመት ሳይሆን የዝርዝሩ ጠባይ ነው። «አብርሆት ምክንያታዊነት ነው፣ ሮማንቲሲዝም ስሜት ነው፣ ሪያሊዝም የገሃዱ ዓለም ቅጂ ነው» የሚለው አከፋፈል በአብዛኛው ከፈረንሳይ፣ ከጀርመንና ከእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የተወሰደ በመሆኑ፣ ለሌላ ሰው ቁመት እንደ ተሰፋ ልብስ በስፔን ላይ አንዱ ቦታ ይጠብባል፣ ሌላው ይሰፋል። በስፔን አንድ የአጻጻፍ ስልት መቼ እንደ መጣና መቼ እንደ ደበዘዘ የወሰነው የደራስያኑ ዝንባሌ ብቻ ሳይሆን ማን በዙፋኑ ላይ እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ታሰረና ማን እንደ ተሰደደ ጭምር ነው። ስለዚህ የምመክርዎ ባሕርያቱን መሸምደዱን ትተው አንድ ክርክር በመምረጥ ከዘመን ዘመን እንዲከተሉት ነው። እኔ የምመርጠው «በአንድ ሰው ሕይወት ላይ፣ በተለይም በትዳሩ ላይ፣ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው?» የሚለውን ነው፤ ምክንያቱም ከዋና ዋናዎቹ ድርሰቶች ብዙዎቹ በየራሳቸው መንገድ የሚመልሱት ይህንኑ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአብርሆትን ታሪካዊ ዳራ ብዙ ሳይቆዩበት ሊያልፉት ይችላሉ፤ ሆኖም ሁለት ነገሮችን መያዝ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ የስፔን አብርሆት ከላይ ወደ ታች የወረደ ተሐድሶ መሆኑ ነው። የቡርቦን ሥርወ መንግሥት በ1700 ዙፋኑን ከያዘ በኋላ በ1713 የቋንቋው አካዳሚ ተቋቋመ፤ ቤኒቶ ፌይሆ የተባለው መነኩሴ በኦቪዬዶ ገዳሙ ተቀምጦ ከ1726 ጀምሮ ባሳተማቸው ተከታታይ ድርሰቶቹ የሕዝቡን አጉል እምነት ተቸ፤ ኢግናሲዮ ዴ ሉሳን በ1737 ለግጥምና ለተውኔት ሕግ ደነገገ፤ ካርሎስ ሣልሳዊም (1759–1788) ለውጥ ፈላጊ ምሁራንን በሹመት አቀረበ። ሁለተኛው ደግሞ ይኸው ሥልጣን ፊቱን ሲያዞር ምሁራኑ ምንም መከታ ያልነበራቸው መሆኑ ነው። ጋስፓር ሜልቾር ዴ ሆቬያኖስ በ1795 የታተመው የእርሻ ሕግ ጥናቱ የቤተ ክርስቲያንንና የመኳንንቱን የማይሸጥ የማይለወጥ ርስት ይነካ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ራሱ ታሰረና እስከ 1808 ድረስ በማዮርካ ደሴት ቤልቬር በተባለው ምሽግ ኖረ። የአብርሆት ሰዎች ሥልጣን ላይ ያለው ወገን በምክንያት ሊታረም ይችላል ብለው ያምኑ ነበር፤ ይህን እምነታቸውን ልብ ይበሉት፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚሁ እምነት ጋር የሚደረግ ሙግት ነው።

ንባብዎን በሌአንድሮ ፈርናንዴስ ዴ ሞራቲን «ኤል ሲ ዴ ላስ ኒኛስ» ማለትም «የልጃገረዶች እሺታ» በተባለው ተውኔት ይጀምሩ። በዝርው የተጻፈና አጭር ነው፤ ስፔንኛው ንጹሕ ከመሆኑ የተነሣ መካከለኛ ደረጃ የደረሰ ተማሪ በመዝገበ ቃላት እየታገዘ ይወጣዋል። ድርጊቱ በሙሉ የሚፈጸመው አልካላ ዴ ኤናሬስ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሲሆን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተጀምሮ ሊነጋጋ ሲል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል። የሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ዶን ዲዬጎ የአሥራ ስድስት ዓመቷን ፍራንሲስካን ከገዳም ትምህርት ቤት አውጥቶ ሊያገባ ነው፤ እናቷ ተስማምታለች፤ ልጅቱ ግን የምትወደው ሌላ ወጣት መኮንን ነው፤ እሱም የዶን ዲዬጎ የገዛ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ ሆኖ ይገኛል። ተውኔቱ ጥር 24 ቀን 1806 በማድሪድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ዐቢይ ጾም ቲያትር ቤቶቹን እስኪያዘጋ ድረስ ለ26 ቀናት ሳይቋረጥ ቀጥሏል፤ ለዚያ ዘመን ይህ ታላቅ ስኬት ነው።

የሦስተኛውን ገቢር ስምንተኛ ትዕይንት ደጋግመው ያንብቡት። ዶን ዲዬጎ እውነቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነው፤ ነገር ግን ልጅቱ በራሷ አንደበት እንድትነግረው በጥያቄ ይከባታል። እሷ የእናቷን ትእዛዝ እንደምትፈጽምና እንደምታገባው ትመልሳለች፤ ከዚያ በኋላ ደስታ ታገኝ እንደሆነ ሲጠይቃት ደስታ ለእሷ ያከተመ ነገር መሆኑን ትናገራለች። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው የሚናገረው ቃል የዘመኑ ሐሳብ የተጠቀለለበት ነው፦ ልጃገረዶችን ንጹሕ ስሜታቸውን እንዲደብቁ ማስተማር «መልካም አስተዳደግ» ይባላል፤ ሲታዘዙ የሐሰት እሺታ እስከ ሰጡ ድረስ ጨዋ ናቸው፤ በውስጣቸው ፍርሃትን፣ ብልጣብልጥነትንና የባሪያን ዝምታ የሚያሳድረው ትምህርት ግሩም ተብሎ ይወደሳል። ይህን ንግግር ካርሎስ ሣልሳዊ በ1776 ካወጣው ድንጋጌ ጋር አያይዘው ካላነበቡት ግማሽ ትርጉሙ ይጠፋዎታል፤ ያ ድንጋጌ ከ25 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳያገቡ የሚከለክል ነበርና። ሞራቲን ሕጉ ይሻር አላለም። ሕጉ ሥልጣን የሰጣቸው አዋቂዎች በሥልጣናቸው በማስተዋል እንዲጠቀሙ ነው የለመነው። መፍትሔው የሚመጣው ከሽማግሌው ልበ ሰፊነት ነው እንጂ ከልጅቱ እምቢታ አይደለም፤ እሷማ እስከ መጨረሻው በግልጽ እምቢ አትልም። የአብርሆት ውበቱም ወሰኑም በዚህች አንዲት ሌሊት ውስጥ ይታያል።

ከዚህ በኋላ የሃያ ስምንት ዓመት ክፍተት አለ፤ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልፉት ሲሆን ለእርስዎ ጥያቄ ግን ዋናው ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ናፖሊዮን በ1808 ወረረ፤ በ1812 በካዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ ፈርናንዶ ሰባተኛ በ1814 ተመልሶ ሻረው፤ ከ1820 እስከ 1823 እንደ ገና ሥራ ላይ ዋለ፤ ከዚያም የፈረንሳይ ጦር ገብቶ ፍጹማዊውን አገዛዝ መለሰው። ሕገ መንግሥቱን የደገፉት ሊበራል ደራስያን ወደ ለንደን፣ ወደ ፓሪስና ወደ ማልታ ተሰደዱ። ሞራቲን ራሱ የናፖሊዮንን ወንድም መንግሥት በማገልገሉ አገሩን ለቆ በ1828 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ንጉሡ በመስከረም 1833 ሲሞት ምሕረት ታወጀ፤ ስደተኞቹ በውጭ አገር ያነበቡትንና የኖሩትን ይዘው ተመለሱ። የስፔን ሮማንቲክ ተውኔት በ1834 እና በ1835 እንደ ደራሽ ውኃ በአንድ ጊዜ የመጣው፣ ሌላው አውሮፓ ሲቋጨው እሱ የጀመረው፣ በዚህ ምክንያት ነው።

የሪባስ መስፍን የሆነው አንኽል ዴ ሳአቬድራ ከእነዚህ ተመላሾች አንዱ ነው፤ ሞት ተፈርዶበት ለዓመታት በማልታ ኖሯል። መጋቢት 22 ቀን 1835 የታየው «ዶን አልቫሮ ወይም የዕጣ ፈንታ ኃይል» የሞራቲንን ተውኔት እያንዳንዱን ደንብ ይጥሳል፦ ዝርውና ግጥም ይቀላቅላል፣ ከሴቪያ ወደ ኢጣሊያ ከዚያም ወደ ኦርናችዌሎስ ገዳም ይዘልቃል፣ ዓመታት ያልፉበታል። ደንብ መጣሱን ግን ማንኛውም የፈተና ወረቀት ይዘረዝረዋል። እርስዎ የሚያነጻጽሩት መነሻ ሁኔታውን ነው። እዚህም ሴት ልጅ አለች፣ የሚከለክል አባት አለ፣ አባትየው ያልፈቀደው ወዳጅ አለ። አልቫሮ ለአባትየው እጁን ለመስጠት ሽጉጡን ሲወረውር ሽጉጡ በራሱ ተኩሶ አባትየውን ይገድላል። በሞራቲን ቤት ሽማግሌውን በማስረዳት ይመለስ የነበረው ጥያቄ እዚህ መላሹን አጣ፤ ሊያስተውል የሚችለው ሰው በመጀመሪያው ገቢር ሞቷልና። የቀረው የልጆቹ በቀል ነው፤ አልቫሮ ሁለቱን ወንድማማቾች ይገድላል፣ እኅታቸው ሊዮኖር በወንድሟ እጅ ትሞታለች፣ እሱም መነኮሳቱ ዓይን ሥር ገሃነም አፏን ከፍታ እንድትውጠው እየጮኸ ከገደል ይወረወራል። ቨርዲ ይህን ታሪክ በ1862 ኦፔራ አድርጎታል።

ከዚህ ዘመን ሁሉ አንድ ጸሐፊ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ቢኖርዎት ማርያኖ ሆሴ ዴ ላራን እንዲመርጡ እለምናለሁ። በ1809 ተወልዶ የካቲት 13 ቀን 1837 ራሱን ያጠፋው ይህ ጋዜጠኛ በአእምሮው የአብርሆት ልጅ፣ በተስፋ መቁረጡ ሮማንቲክ፣ በዓይኑ ደግሞ የሪያሊስቶቹ ቀዳሚ ነው። በጥር 1833 የወጣው «ነገ ይመለሱ» የተባለው መጣጥፉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሳን ዴሌ የተባለ ፈረንሳዊ ጉዳዩን በአሥራ አምስት ቀን ጨርሶ ሊሄድ ማድሪድ ይመጣና ስድስት ወር ይቆያል፤ ልብስ ሰፊው በሃያ አራት ሰዓት እንዲያደርስ የታዘዘውን ካፖርት በሃያ ቀን ያመጣል፤ ሸሚዝ የምትተኩሰው ሴት አሥራ አምስት ቀን ትፈልጋለች፤ ቢሮውማ «ነገ ይመለሱ» ከማለት አልፎ አያውቅም። እስከዚህ ድረስ ያለው የአብርሆት ስላቅ ነው። ነገር ግን መጨረሻ ላይ ተራኪው ጣቱን ወደ ራሱ አዙሮ ይህንኑ መጣጥፍ ለመጻፍ ርእሱን ከያዘ ከሦስት ወር በላይ እንደ ቆየ ይናገራል። የሚተቸው ሰው ከሚተቸው ኅብረተሰብ ውጭ ቆሞ መፍረድ እንደማይችል ማወቁ በፌይሆ ዘንድ የለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ ሙታን መታሰቢያ ቀን በጻፈው መጣጥፍ ደግሞ መቃብሩ ራሱ ማድሪድ ከተማ ናት፤ በመጨረሻም ወደ ገዛ ልቡ ሲሸሽ «ተስፋ እዚህ ዐርፏል» የሚል ጽሑፍ ያገኛል። ላራ ሲቀበር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት የነበረው ሆሴ ሶሪልያ ግጥም አንብቦ በአንድ ቀን ታወቀ፤ ስለ ሴት አውሉ ዶን ሁዋን የሚተርከውን «ዶን ሁዋን ቴኖሪዮ» የተባለ ተውኔት በ1844 የጻፈው እሱ ነው። ይህን ስም ይያዙልኝ።

ወደ ካዳልሶ እመለሳለሁ። ሆሴ ካዳልሶ (1741–1782) የጻፋቸው ሁለቱ ዋና ሥራዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሁለት ሰው ድርሰት ይመስላሉ። «የሞሮኮ ደብዳቤዎች» በተባለው ጋሴል የተባለ ሞሮኮአዊ መንገደኛ ስፔንን በርጋታ ይመረምራል፤ «የኀዘን ሌሊቶች» በተባለው ቴዲያቶ የተባለ ሰው ከመቃብር ቆፋሪው ጋር ሆኖ የሞተች ወዳጁን አስከሬን ሊያወጣ በሌሊት ይሠራል። ሁለቱም የታተሙት እሱ በጅብራልታር ከበባ ከሞተ በኋላ፣ በ1789 እና በ1790 በአንድ ጋዜጣ ላይ ነው። አሜሪካዊው ሐያሲ ራስል ሴቦልድ ሁለተኛውን ሥራ ይዞ የስፔን ሮማንቲሲዝም በ18ኛው መቶ ዓመት ተጀምሯል ብሎ ተከራክሯል፤ ገጣሚው ሜሌንዴስ ቫልዴስ በ1794 ለሆቬያኖስ በጻፈው ግጥም ውስጥ ያለውን «ሁለንተናዊ መሰልቸት» የሚለውን ሐረግም እንደ ማስረጃ ያቀርባል። ሐሳቡ ከባድ ነው፤ እኔ ግን በከፊል ብቻ እቀበለዋለሁ። ሌሊትና መቃብር ብቻቸውን ሮማንቲክ አያደርጉም፤ ቴዲያቶ በመጨረሻ ከመቃብር ቆፋሪው ጋር የሚያገናኘው የሰው ልጆች ኀዘን ነው፤ ይህ ርኅራኄ ደግሞ የአብርሆት ዘመን ስሜታዊነት ነው እንጂ ዓለምን የሚክድ አመፅ አይደለም። በፈተና ላይ ከሁለት አንዱን ስም ከመምረጥ ይልቅ ይህን ልዩነት ቢያስረዱ መምህርዎ የበለጠ ይረካሉ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ካዳልሶ የወደዳት ተዋናይት ማሪያ ኢግናሲያ ኢባኜስ በ1771 የተቀበረችው ማድሪድ፣ አቶቻ ጎዳና ላይ በሚገኘው በሳን ሴባስቲያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ላራ በ1829፣ ቤኬር በ1861 የተጋቡት እዚያው ነው፤ ጋልዶስም በ1897 «ምሕረት» የተባለውን ልብ ወለዱን የሚከፍተው በዚያው ደጅ በተኮለኮሉ ነዳያን ነው። ዘመናቱ በመጽሐፍ ምዕራፍ የተለያዩትን ያህል በከተማይቱ ውስጥ አልተለያዩም።

ስለ ቤኬር ያነሡት ጥያቄ አጭር መልስ አለው። ጉስታቮ አዶልፎ ቤኬር (1836–1870) ግጥሞቹን የጻፈው የሮማንቲኩ ገጣሚ የኤስፕሮንሴዳና የመሰሎቹ ጩኸት ካበቃ በኋላ በመሆኑ፣ ከሮማንቲሲዝም ድምቀቱን ጥሎ ሹክሹክታውን ወሰደ። ሊታተም የነበረው ረቂቅ በ1868ቱ አብዮት ሲጠፋ ግጥሞቹን ከትዝታው መልሶ ጻፋቸው፤ ወዳጆቹ ያሳተሙት ከሞተ በኋላ በ1871 ነው። ሮሳሊያ ዴ ካስትሮም እስከ 1884 ድረስ፣ ማለትም የክላሪን ልብ ወለድ «ላ ሬሄንታ» መታተም እስከ ጀመረችበት ዓመት፣ በጋሊሲያኛና በስፔንኛ ግጥም ታሳትም ነበር። በዚያ ትውልድ ውስጥ ግጥምና ልብ ወለድ በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ይሄዱ ነበር ማለት ነው።

የሪያሊዝም መግቢያ ተደርጋ የምትቆጠረው «ላ ጋቪዮታ» በ1849 የወጣች ሲሆን ደራሲዋ ፈርናን ካባዬሮ በሚል የወንድ ስም የጻፈችው ሴሲሊያ ቦል ዴ ፋበር ናት። አባቷ በ1814 በካዲስ የ17ኛውን መቶ ዓመት ተውኔት ጸሐፊ ካልዴሮንን እያወደሰ የሮማንቲሲዝምን ክርክር የከፈተው ጀርመናዊ ነው፤ ተከራካሪው ሆሴ ሆአኪን ዴ ሞራ ነበር። ልጅቱ ልብ ወለዷን በፈረንሳይኛ ጻፈችው፤ ወደ ስፔንኛ የተረጎመላትም ይኸው የአባቷ ባላንጣ ሞራ ነው። የጎለመሰው ሪያሊዝም ግን ከ1868ቱ አብዮት በኋላ የመጣ ነው፤ ንግሥቲቱ ተባረረች፣ ፕሬሱ ተፈታ፣ ቤኒቶ ፔሬስ ጋልዶስ በ1870 ልብ ወለድ ከእንግዲህ መካከለኛውን መደብ ማጥናት አለበት ብሎ ጻፈ። የጋልዶስን ሁሉ ለማንበብ ዕድሜ አይበቃም፤ የታሪክ ልብ ወለዶቹ ብቻ 46 ናቸው። በ«ዶኛ ፐርፌክታ» (1876) ይጀምሩ። እዚህም የጋብቻ ጉዳይ ነው፦ መሐንዲሱ ፔፔ ሬይ የአክስቱን ልጅ ሊያገባ ወደ ገጠር ከተማ ይመጣል፤ አክስቱ መጀመሪያ ፈቅዳ፣ በኋላ በእምነቱ ትጠረጥረዋለች፤ በመጨረሻም እሷ ራሷ በሌሊት በጓሮው ታስገድለዋለች። ሞራቲን በ1806 ይታረማል ብሎ ተስፋ ያደረገበት የቤተሰብ ሥልጣን ከሰባ ዓመት በኋላ በአምልኮ ስም ገዳይ ሆኖ ተመለሰ። «ፎርቱናታና ሃሲንታ» (1886–1887) ከዚህ እጅግ የላቀች ናት፤ ሀብታሙ ወጣት በድሃ ሰፈር ደረጃ ላይ ፎርቱናታን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያያት ጥሬ እንቁላል ስትመጥጥ ያገኛታል፤ አንዲት ሴት ከየትኛው መደብ እንደ ሆነች በዚህ መንገድ መግለጽ ከሞራቲንም ከሪባስም የማይጠበቅ ነገር ነው።

መድረሻዎ «ላ ሬሄንታ» ትሁን። ሊዮፖልዶ አላስ፣ በብዕር ስሙ ክላሪን፣ በ1884 እና በ1885 በሁለት ቅጽ ያሳተማት ናት። «ጀግናይቱ ከተማ የቀትር እንቅልፏን ተኝታለች» ብላ ትከፍትና ወዲያው ነፋሱ በየመንገዱ የሚያንከባልለውን አቧራ፣ ቡትቶ፣ ገለባና ወረቀት ታሳየናለች፤ ስላቁ «ጀግናይቱ» በሚለው ቃልና በቆሻሻው መካከል ያለው ርቀት ነው። ቬቱስታ የተባለችው ይህች ከተማ ፌይሆ የኖረባት ኦቪዬዶ ናት። አና ኦሶሬስ አባቷ ሊሆን የሚችል ጡረተኛ ዳኛ አግብታለች፤ ሞራቲን ያዳናት ልጅ ሳትድን ብትቀር ኖሮ የምትደርስበት ሕይወት ይህ ነው። የንስሐ አባቷ ፈርሚን ከካቴድራሉ ማማ ላይ በመነጽር ከተማውን ይሰልላል፤ የከተማው ሴት አውል አልቫሮ ሜሲያ ይከታተላታል፤ ስሙ የሪባስን ጀግና ማስታወሱን ልብ ይበሉ። በአሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ አና በሙታን መታሰቢያ ሰሞን በየዓመቱ የሚታየውን የሶሪልያን «ዶን ሁዋን ቴኖሪዮ» ልታይ ትሄዳለች፤ ሜሲያ ድርሰቱን ለማላገጫ ካልሆነ የማይጠቅም አሮጌ ነገር አድርጎ ሲቆጥረው እሷ በመድረኩ ላይ የራሷን ዕጣ አይታ ታለቅሳለች። ክላሪን ሮማንቲሲዝምን አልሻረውም፤ በአንዲት ብቸኛ ሴት ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ መረመረ። ባሏም በበኩሉ ባሎች ክብራቸውን በደም የሚመልሱባቸውን የካልዴሮንን ተውኔቶች በቃሉ ይወጣል፤ ራሱ ጠመንጃ እንደ ያዘ የሚስቱን ወዳጅ ከሰገነት ሲወርድ ሲያየው ግን መተኮስ አይችልም።

ወደ ትርጉሙ ጉዳይ ስመጣ፣ ለረጃጅሞቹ ልብ ወለዶች እንግሊዝኛው ሊረዳዎ ይችላል፤ ለተውኔቶቹና ለላራ ግን አይበቃም። ዶን ዲዬጎ የአሥራ ስድስት ዓመቷን እጮኛውን «እርስዎ» እያለ፣ መኮንኑን ዘመዱን ደግሞ «አንተ» እያለ ያናግራል፤ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ርቀት ወዲያው ይሰማዋል፣ እንግሊዝኛው ግን ሁለቱንም ያጠፋቸዋል። ጽሑፎቹን ሁሉ ማለት ይቻላል በአሊካንቴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የሚገል ዴ ሰርቫንቴስ ምናባዊ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ያቀርባቸዋል፤ የላራ መጣጥፎች የወጡባቸውን የዘመኑን ጋዜጦች ደግሞ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል የጋዜጦች ክምችት ያገኛሉ። ለፈተና የሚሆን ግን ማብራሪያና መግቢያ ያለው የታተመ ቅጂ ያስፈልግዎታል። ሞራቲንን አስቀድመው፣ ሦስት ወይም አራት የላራ መጣጥፎችን አስከትለው፣ ከዚያ ዶን አልቫሮንና ቴኖሪዮን፣ ቀጥሎ «ዶኛ ፐርፌክታ»ን ያንብቡ። ቤኬርን በመካከሉ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢቀምሱት ይበቃል። ቴኖሪዮን ሳያነቡ «ላ ሬሄንታ»ን አይክፈቱ፤ አሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ ባዶ ይሆንብዎታል። ጊዜ ከተረፈዎት የኤሚሊያ ፓርዶ ባሳንን «ሎስ ፓሶስ ዴ ኡሎአ» (1886) ይጨምሩ፤ የቋንቋው አካዳሚ በሴትነቷ ምክንያት በሩን የዘጋባት ይህች ደራሲ የጋሊሲያን የፈራረሰ የመሳፍንት ቤት ያሳየችበት ዐይን ከክላሪን የሚተናነስ አይደለም።